አልሜንድሮ ካለ ወፉ አለ፦ የኮስታ ሪካ የጉዞ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ሳን ሆዜ

ኮስታ ሪካን የመረጠችው ታናሽ እህቴ ናት። እኔን ብትጠይቁኝ ባሕር ዳር ተጋድሞ መመለስ ነበር ያማረኝ። እሷ ግን ስለ አንድ ወፍ ማውራት ከጀመረች ቆይታለች። ታላቁ አረንጓዴ ማካው ይባላል። አገሬው ላፓ ቬርዴ ይለዋል። ከመንቁሩ እስከ ጅራቱ ጫፍ 85 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን በቀቀን ነው። ከሆንዱራስ እስከ ኢኳዶር በተበጣጠሱ ዝናባማ ደኖች ውስጥ ይኖራል። በ2020 (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መደብ ውስጥ አስገብቶታል። በዱር የቀሩት ለመራባት የደረሱ ወፎች ከ500 እስከ 1,000 ቢሆኑ ነው ተብሎ ይገመታል። እህቴ ይህን ሁሉ በቃሏ ትወጣዋለች።

ከቨርጂኒያ የተነሳንበትን በረራ ልዝለለው። ወሬው የሚጀምረው ከመኪና ኪራዩ ነው። ኢንተርኔት ላይ በቀን 18 ዶላር ያየነው መኪና፣ ባንኮኒው ጋ ስንደርስ 52 ገባ። ልዩነቱ ኢንሹራንስ ነው አሉን። የሦስተኛ ወገኑ በአገሩ ሕግ ግዴታ ነው። ሕግ ከሆነ ዋጋው ላይ ቀድሞ መጻፍ ምን ይከብዳል? ለምትሄዱ ሰዎች፦ የምታዩትን የኪራይ ዋጋ በሦስት አባዙትና ከዚያ በኋላ አስቡበት።

ማደሪያችንን ስንፈልግ ግን አገሬ የገባሁ መሰለኝ። አድራሻው "ከቤተ ክርስቲያኑ 200 ሜትር ወደ ሰሜን፣ 50 ሜትር ወደ ምሥራቅ" ይላል። "ከማደያው ገባ ብሎ፣ ሰማያዊ በር" እየተባለ አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ችግር አይደለም። እህቴ ጂፒኤሱን ስትጨቃጨቅ እኔ መስኮት ከፍቼ ጠየቅሁ። ደረስን።

ማታ ሶዳ ገባን። ሶዳ ማለት እዚያ ትንሽ ምግብ ቤት ነው። ካሳዶ አዘዝን፤ ሩዝ፣ ባቄላ፣ የተጠበሰ ሙዝ፣ ሰላጣና አንድ ቁራጭ ሥጋ በአንድ ሳህን። 3,800 ኮሎን፣ ወደ 7 ዶላር ተኩል። ቃሪያ ፈልገን አጣን። የሚያቃጥል ነገር የማይወድ ሕዝብ ነው።

እሑድ፣ መንገድ 32 ተዘጋ

ወፉን ልንፈልግ ወደምንሄድበት ወደ ሳራፒኪ የሚወስደው አውራ መንገድ 32 ቁጥር ነው። በ1987 ሲከፈት የብራውሊዮ ካሪዮን ደን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ነው ያለፈው። ዝናብ ሲበዛ ተራራው ናዳውን አስፋልቱ ላይ ይለቃል። እሑድ ጠዋትም ያው ሆነ። ፖሊሱ ፈገግ ብሎ "ፑራ ቪዳ" (ንጹሕ ሕይወት፣ የአገሬው ሰላምታ ነው) አለንና እጁን ወደ መጣንበት ጠቆመ። መቼ ይከፈታል ስንለው ወደ ሰማይ አየ።

በቫራ ብላንካ ዞርን። ሩቅ ነው፣ ጠመዝማዛ ነው፣ ጉም ነው። ግን አልከፋንም። መንገድ ዳር እንጆሪ ይሸጣሉ። የላ ፓዝ ፏፏቴ ደግሞ ድልድዩ ሥር ድረስ መጥቶ ይወርዳል፤ ከመኪና ሳትወርድ ያረጥብሃል።

አንዲት ትንሽ ቤት ለቡና ቆምን። እንጨት ላይ በተንጠለጠለ የጨርቅ ከረጢት ነው የሚያጠሉት። ሴትየዋ ከየት እንደመጣን ጠየቀችን። ኢትዮጵያ ስንላት ባሏን ጠርታ አሳየችን። ቡና የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ከ1989 እስከ 2018 ድረስ አገሪቱ ከአረቢካ ሌላ ቡና መትከልን በሕግ ከልክላ ነበር። ቡናው ራሱ ጥሩ ነው፤ ቀጠን ይላል። እህቴ "ሦስተኛ ነው የሚመስለው" አለችኝ በአማርኛ። ሴትየዋ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። በጣም ወደደችው አልኳት። 1,000 ኮሎን ለሁለት ስኒ።

ሳራፒኪ ስንደርስ ጨልሟል። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሌሊቱን ሙሉ ሲደበድበው አደረ።

ሰኞ፣ ላ ሴልቫ

ላ ሴልቫ የምርምር ጣቢያ ነው። በ1954 ሌስሊ ሆልድሪጅ የተባለ የደን ሊቅ ለእርሻ የገዛው መሬት ነበር። በ1968 የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ገዛውና ጣቢያ አደረገው። አሁን ወደ 1,600 ሄክታር ነው። ያለ አስጎብኚ ጫካው ውስጥ አያስገቡም። ቡትስ ጫማ ያከራያሉ፤ ተከራዩ። የእህቴ አዲስ የስፖርት ጫማ እስከ ምሳ ሰዓት ቡናማ ሆኗል።

አስጎብኚው ወጣት ልጅ ነው። ወንዙ ላይ የተንጠለጠለውን ድልድይ ተሻግረን ብዙም ሳንሄድ አንድ ዛፍ ሥር አቆመን። ግንዱ ቀላ ያለ፣ ለስላሳ፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ። ጫፉ አይታይም። አልሜንድሮ ነው። ከ45 ሜትር በላይ የሚያድግ አለ።

እንግዲህ የወፉ ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። ላፓ ቬርዴ ሌላም ዛፍ ይበላል። በዚህ አገር ግን ኑሮው የታሰረው ከዚህ ዛፍ ጋር ነው። ምግቡ የአልሜንድሮ ፍሬ ነው። ጎጆውም አልሜንድሮ ላይ ነው። ወፉ ራሱ ዛፍ አይፈለፍልም። ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ሲወድቅ ቁስሉ ይበሰብስና ክፍተት ይሆናል፤ እዚያ ገብቶ ይጥላል። ይህ እንዲሆን ዛፉ መስፋት አለበት፣ ማርጀት አለበት። የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃውም።

አስጎብኚው ከመሬት አንድ ፍሬ አንስቶ ሰጠኝ። በድንጋይ ብመታው ድንጋዩ ተንሸራተተ። ወፉ በመንቁሩ ይሰነጥቀዋል። ፍሬውን ሌሊት ሌሊት የሌሊት ወፎች ተሸክመው ራቅ አድርገው ይጥሉታል። አጉቲ የሚባል ጥንቸል የሚያህል እንስሳ ደግሞ ለክፉ ቀን እያለ መሬት ውስጥ ይቀብረዋል። የረሳው ይበቅላል። አንድ ዛፍ እንዲተካ ይህን ያህል ሠራተኛ ያስፈልጋል።

ቀይ ሰውነትና ሰማያዊ እግር ያላት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል እንቁራሪት አየን። ቱካን አየን። ላፓውን ግን ድምፁን ብቻ ሰማን። ከቅጠሉ በላይ፣ ሻካራ፣ የሚያንባርቅ ድምፅ። እህቴ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። ድምፁ አለፈ። ቀጥሎ የመጣው ዝናብ ነው።

ማክሰኞ፣ ከፒታል ወደ ቦካ ታፓዳ

ሰዎቹ ሁሉ "ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ሰሜን ሂዱ" አሉን። ወደ ኒካራጓ ድንበር፣ ሳን ካርሎስ ወንዝ አጠገብ፣ ቦካ ታፓዳ።

ፒታል የምትባለውን ከተማ እንዳለፍን አናናስ ጀመረ። ኮረብታ ሙሉ አናናስ። ከኮረብታው በስተጀርባ ደግሞ ሌላ አናናስ። ግራጫ አረንጓዴ፣ እሾሃማ፣ አንድ ዛፍ የለበትም። ቨርጂኒያ ሱፐርማርኬት የምገዛው አናናስ ላይ ያለው ትንሽ ወረቀት "ኮስታ ሪካ" ይላል። ከዚህ መሆኑ ነው። አገሩ በዓለም ትኩስ አናናስ ወደ ውጭ በመላክ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው። አሥር ደቂቃ ነዳሁ፣ አላለቀም። ሃያ ደቂቃ ነዳሁ፣ አላለቀም። አንድ ቦታ ላይ መሐል እርሻው ውስጥ ብቻውን የቆመ ትልቅ ዛፍ አየን። ማንም ደፍሮ ያልቆረጠው። እህቴ "አልሜንድሮ ነው" አለች። እኔ ቤተ ክርስቲያን የሌለው አጸድ ነው ያልኩት።

አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንች ሲጀምር የአናናስ ጭነት መኪኖች መጡ። ለአንዱ ጠርዝ ይዤ ሳሳልፍ ጎማው ተነፈሰ። ስኮርታው አለ፣ ክሪኩ የለም። ሙሉ ኢንሹራንስ ከፍለናል፣ ክሪክ ግን የለም! በሞተር ሳይክል የሚያልፍ ልጅ አይቶን ዝም ብሎ ሄደ። ተናደድን። ከሩብ ሰዓት በኋላ አባቱን ከኋላ አፈናጦ፣ አባትየው ክሪክ አቅፎ መጡ። ገንዘብ አንቀበልም አሉ። ቦርሳ ውስጥ የነበረ በሶ ነበር፤ ለልጁ ሰጠነው። ምን እንደሆነ ለማስረዳት የነበረኝ ስፓኒሽ አልበቃም። ጎሚስታው መንደሩ ውስጥ 4,000 ኮሎን አስከፈለን፤ አዲስ አበባ ካሉት ጎሚስታዎች የሚለየው ነገር ቢኖር ደረሰኝ መስጠቱ ነው።

ማደሪያችን የቤተሰብ ነው። ከወንዙ ዳር ያሉ ጥቂት የእንጨት ክፍሎች። ለሁለት ሰው ከቁርስና ከእራት ጋር 95 ዶላር። የቤቱ እመቤት በስልሳዎቹ ያሉ ናቸው። ሴት ልጃቸው እንግሊዝኛ ታውቃለች፤ እሷ አስተረጎመችልን። እራት ላይ እመቤቲቱ ወፍ ልናይ እንደመጣን ሲሰሙ "አባቴ እንጨት ቆራጭ ነበር" አሉ። እንደዚያ አስጀመሩት።

አልሜንድሮ ጥንት የቆየው ሰው አዝኖለት አይደለም። ጠንካራ ስለሆነ ነው። መጥረቢያ ያዶለዱማል፣ መጋዝ ይሰብራል። ስለዚህ ሌላው ዛፍ ሲያልቅ እሱ ቀረ። በኋላ ላይ ጠንካራ መጋዝ መጣ። ያኔ ጥንካሬው ጠላቱ ሆነ፤ ለጭነት መኪና ወለል፣ ለድልድይ፣ ለባቡር ሐዲድ ማጋደሚያ ተፈለገ። የእመቤቲቱ የወጥ ቤት ገበታ አልሜንድሮ ነው። ላነሳው ሞከርኩ። ሳቁብኝ።

ረቡዕ፣ ቦካ ታፓዳ

በጨለማ ለባብሰን ወጣን። ቁርስ ጋዮ ፒንቶ ነው፤ ሩዝና ጥቁር ባቄላ አብሮ የተጠበሰ። ረቡዕ ስለሆነ እንቁላሉን ተውነው። ሩዙ በዘይት ነው፤ ለጿሚ ይህን ያህል የሚመች አገር አላየሁም።

የእመቤቲቱ ወንድም ከብት ያረባሉ። ግጦሻቸው መሐል አንድ አልሜንድሮ አለ። ከሥሩ ላሞች፣ ከላሞቹ ጎን እኛ። ዝናቡ አባርቷል። ቀና ብዬ አንገቴን እያሸሁ ሳለ እህቴ ቀስ ብላ "ጋሽዬ፣ ስልክህን ትተህ ወደ ላይ እይ" አለችኝ።

ጥንድ ነበሩ። ክንፍ ለክንፍ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ሲበሩ አረንጓዴው አይደለም የሚታየው፤ ሰማያዊው የክንፋቸው ጫፍና ቀላ ያለው ጅራታቸው ነው። ቅርንጫፉ ላይ ሲያርፉ ግን ጠፉ። ያን የሚያህል ወፍ ቅጠል መሐል ገብቶ ጠፋ። የሚታወቁት በሚወረውሩት ቅርፊት ነው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ቅርፊቱ ላሚቷ ጀርባ ላይ። ላሚቷ ለምዳዋለች። በባይኖኩላሩ ፊታቸውን አየሁ፤ ግንባራቸው ላይ ቀይ ጥፍጥፍ፣ ጉንጫቸው ራቁት፣ ጉንጩ ላይ በስስ መስመር የተሰመሩ ጥቃቅን ላባዎች። አንደኛው የዛፉ ክፍተት ውስጥ ገባና ጅራቱን ብቻ አስቀረልን። አሁን የመራቢያቸው ወቅት ነው፤ ከታኅሣሥ አካባቢ ይጀምራል። ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ይጥላሉ።

እህቴ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ግን ባይኖኩላሩን አልመለስኩላትም።

ገበሬው ይህን ዛፍ አባታቸው ሊቆርጠው አስቦ እንደነበር ነገሩን። አሁን ቢፈልጉም አይችሉም። በ2008 የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አልሜንድሮ መቁረጥን ከልክሏል። ከዚያ በፊት በ2005 የማኬንኬ የዱር እንስሳት መጠለያ ተቋቁሟል። ሐሳቡ በኒካራጓ በኩል ያለውን ኢንዲዮ ማይስ ደን ከኮስታ ሪካ ተራሮች ጋር ማያያዝ ነው። ምክንያቱም ወፉ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ጫጩቶቹ በርረው የአልሜንድሮ ፍሬ ሲያልቅ ወደ ደጋው ይወጣል። መንገዱ ላይ ደን ከሌለ ምን በልቶ ይሄዳል?

"ሕጉ ጥሩ ነው" አሉ ገበሬው፤ "ግን ሕግ ዛፍ አይወልድም።" አሳዩን። ዛፉ በየዓመቱ ፍሬ ያፈራል፣ ፍሬው ይበቅላል፣ ላሞቹ ይበሉታል ወይም ይረግጡታል። ግጦሽ ላይ ያለ አልሜንድሮ ወፉን ያበላል፣ ራሱን ግን አይተካም። እሳቸው አንድ ማዕዘን በሽቦ አጥረዋል። ውስጡ ቁመታቸው ጉልበቴ የሚደርስ ቡቃያዎች አሉ። ቆጠሯቸው፣ እየነካኩ። "የእኔ ልጅ ልጅም ጎጆ አያይባቸውም" አሉና ሳቁ። ከዚህ ይልቅ መሬቱን ለአናናስ ማከራየት ብዙ ገንዘብ ያመጣ ነበር። ደን የሆነው ክፍል ላይ መንግሥት በየዓመቱ ይከፍላቸዋል። በ1996 የወጣው የደን ሕግ ያመጣው ነው፤ ገንዘቡ በከፊል ከነዳጅ ታክስ ይወጣል። ያው ሕግ ደንን ወደ እርሻ መለወጥንም ከልክሏል። ኮስታ ሪካ በ1980ዎቹ ደኗ ተመናምኖ ከመሬቷ ሩብ ገደማ ደርሶ ነበር፤ አሁን ከግማሽ በላይ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የበቀለው አብዛኛው ወጣት ደን ነው። ለላፓው የሚሆን ክፍተት ያለው ዛፍ ገና የለውም።

ከዚያው አካባቢ፣ ክሩሲታስ የሚባል ቦታ፣ በ2008 የፕሬዚዳንት ኦስካር አሪያስ መንግሥት የወርቅ ማዕድን ቁፋሮን "ብሔራዊ ጥቅም" ብሎ ዛፍ እንዲቆረጥ ፈቅዶ ነበር። አልሜንድሮ ሳይቀር። አሪያስ የኖቤል የሰላም ተሸላሚ ናቸው። ፍርድ ቤት አስቆመው፣ በ2010 ፈቃዱ ተሰረዘ። ኩባንያው ሲወጣ ወርቅ ፈላጊዎች በአካፋና በሜርኩሪ ገቡበት። የማደሪያችን ልጅ ስለዚህ ስትናገር ድምፅዋ ተለወጠ። ውሃውን ነው የምትፈራው።

ሐሙስ፣ ወደ ካሪቢያን

ረጅም መንገድ፣ የሙዝ እርሻ፣ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች። ሌላ የሚወራ የለውም። ሊሞን ከተማ ላይ ሞቀን። ይህ ጥቁሮች የሚበዙበት ዳርቻ ነው፤ ብዙዎቹ ባቡር ሐዲድና ሙዝ እርሻ ሊሠሩ ከጃማይካ የመጡ ሰዎች ልጆች። የጥቁሮች መብት ታጋዩ ማርከስ ጋርቬይ ራሱ በ1910 ገደማ እዚህ ሠርቷል።

ፖርቶ ቪየሆ ስንደርስ ሁሉም ነገር አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። አጥሩ፣ ጀልባው፣ የጁስ ቤቱ ወንበር። አንድ የአንባር ሻጭ ከጀርባው ጃንሆይን ሰቅሏል። ከየት ናችሁ ሲለን እውነቱን ነገርነው። ተነሥቶ ቆመ። ሻሸመኔን ጠየቀን፣ ላሊበላን ጠየቀን፣ እኔ ላሊበላ አልሄድኩም ስለው በጣም አዘነብኝ። 10 ዶላር የሚለውን አንባር ለእህቴ በነጻ ሰጣት። ለእኔ 8 አለኝ።

ዓርብ፣ ማንዛኒዮ

በዚህ ዳርቻ ላፓ ቬርዴ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። ከ2010 ወዲህ ባሉት ዓመታት በሰው እጅ ተፈልፍለው ያደጉ ወፎችን ማንዛኒዮ ላይ መልቀቅ ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ ወፎቹን የሚለቁበት ጣቢያ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ማየት ይቻላል። መግቢያው 20 ዶላር ነው። ዳገቱ ጭቃ ነው።

እዚህ ወፍ መፈለግ የለም። መጋቢው ላይ ይወርዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይሰራረቃሉ። ፎቶ ለሚፈልግ ይህን የሚያህል የለም። እኔ ግን ረቡዕ ያየሁት ይበልጥብኛል፤ እህቴ አልተስማማችም። የገረመኝ ጎጆው ነው። ክፍተት ያለው አሮጌ ዛፍ ስለማይበቃ ሰው ሠራሽ ሣጥን ሠርተው ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ። ወፎቹ ተቀብለውት ጫጩት ይፈለፍሉበታል። አንዱን ሣጥን መሬት ላይ አየሁት፤ ሕፃን ልጅ ያስገባል። እሱን ይዞ በገመድ ያን ዛፍ መውጣት ነው ሥራው። የሚወጡት ወጣቶች ናቸው፤ አንዷ ከላይ ሆና መፍቻ አቀብሉኝ እያለች ትጮህ ነበር።

ማታ የኮኮናት ወተት ውስጥ የበሰለ ሩዝና ባቄላ በላን። ዓርብ ጾም ነው፣ ምግቡም የጾም ነው። ከጎኑ በመጨረሻ የሚያቃጥል ቃሪያ አገኘን። 4,500 ኮሎን።

ለመሄድ ካሰባችሁ፦ ቦካ ታፓዳ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ፤ ፍሬው ዛፍ ላይ ነው። በነሐሴ ብትሄዱ ወፉ ደጋ ወጥቶ ታጡታላችሁ። ከፍ ያለ መኪና ተከራዩ፣ ጥሬ ገንዘብ በኮሎን ያዙ፣ ከፒታል በኋላ ባንክ አትጠብቁ። መኪናውን ከመረከባችሁ በፊት ደግሞ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ከፍታችሁ ክሪክ መኖሩን እዩ።